ድስቱ ያኮረፈበት ቅዳሜ

ቴክሳስ ከሜክሲኮ በምትዋሰንበት ሸለቆ ባለችው ሳን ቤኒቶ ውስጥ ወላጅ ለልጁ የሚመኘው ሙያ የታወቀ ነው፤ ነርስ፣ አስተማሪ፣ የድንበር ጠባቂ፣ ይህ ሁሉ ካልተሳካ ደግሞ የጭነት መኪና ሾፌር። ስለዚህ ዳሊላ ካንቱ በኮሌጅ ሁለተኛ ዓመቷ፣ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት «ደራሲ ነው የምሆነው» ስትል፣ ጨረቃ ላይ የብርቱካን እርሻ ልከራይ ነው ያለች ይመስል ቤቱ ጸጥ አለ። አንዱ አጎቷ ቢራውን አስቀምጦ ብዙ ካሰላሰለ በኋላ፣ ደግነቱ ቆሞ የሚሠራ ሥራ አይደለም፣ ለወገቧ ጥሩ ነው አለ። ሌላው፣ የሚጻፈው ነገር እስካሁን ተጽፎ አላለቀም እንዴ ብሎ ጠየቀ። ደረቷን የነፋችው እናቷ ሶኮሮ ብቻ ነበረች። የሶኮሮ እንግሊዝኛ «ኦኬ» ላይ ተጀምሮ እዚያው «ኦኬ» ላይ ያልቃል፤ ቢሆንም ልጇ በዚያ ቋንቋ መጽሐፍ ልትጽፍ ነው ብላ ለዳቦ ሻጩ፣ ለፖስታ አመላላሹ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ አባና ለአባ ውሻ ሳይቀር ተናግራለች።

የሚገርመው ዳሊላ ፈሪ መሆኗ ነው። ፈሪ ሲባል እንዲያው ለወጉ አይደለም። ሸለቆው ከዳር እስከ ዳር ቢታሰስ የእሷን ያህል የሚፈራ አይገኝም። ውሻ ትፈራለች፤ ውሻ የሌለበትን ግቢም «የት ሄዶ ይሆን?» ብላ ትፈራለች። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ ከመጠየቅ፣ በአውሎ ነፋስ ወቅት የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ መሻገር ትመርጣለች። ይህ ሁሉ ፍርሃት ግን ተደምሮ ቢባዛ፣ አክስቷን እትዬ ኤርሚኒያን የምትፈራውን ያህል አይሆንም።

እትዬ ኤርሚኒያ የሶኮሮ ታላቅ እህት ናቸው። ቤቱ የእሳቸው ነው። ዳሊላና እናቷ የሚኖሩበት፣ ጓሮው ውስጥ ያለው ተጎታች ቤትም የእሳቸው ነው። ዳሊላን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉ እሳቸው ናቸው፤ ኮሌጅ የገባች ዕለትም የግቢውን ዶሮ ፈጅተው አላፊ አግዳሚውን አብልተዋል። ሲቆጡ አይጮሁም። ቢጮሁ ስንት ጥሩ ነበር! እትዬ ኤርሚኒያ ሲቀየሙ መስማት ያቆማሉ። ወንድማቸው አንድ ፋሲካ ላይ ወጡ ጨው በዝቶበታል ብሏቸው ነበር። ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከጎናቸው ይቀመጣል፤ አባ «ሰላምታ ተለዋወጡ» ሲሉ እጁን ይዘረጋል፤ እሳቸው በእሱ ራስ ላይ ተንጠራርተው ምሰሶውን ይጨብጣሉ። በእሳቸው ችሎት ቅጣቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ዕድሜ ልክ። ይግባኝ የለም።

ዳሊላ ደግሞ፣ ጨው በዛ ማለት አጠገቡ ሲቀመጥ ምርቃት የሚመስል ወንጀል ሠርታለች።

ነገሩ የሚጀምረው ከልጅነቷ ነው። እዚህ ሰፈር ስፓኒሽና እንግሊዝኛ ሁለቱንም የሚያውቅ ልጅ የቤተሰቡ አፍና ጆሮ ነው። ሐኪም ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ መብራት ኃይል፣ የትም ይወሰዳል። ዳሊላ ጥርሷን ሳትቀይር የዘመዶቿን ኪንታሮት ሁሉ በየተራ ተርጉማለች። የዚህ ሥራ ሕግ ደግሞ አንድ ናት፤ ተርጓሚ የሰማውን ሆድ ይፍጀው። ልጁ እቤት ሲመለስ ምንም አልሰማም፤ ካደገም በኋላ አልሰማም።

የእትዬ ኤርሚኒያ ባል ኢሲድሮ ሽሪምፕ አጥማጅ ነበር። ከፖርት ኢዛቤል በጀልባ ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ፤ ባሕር ወሰደው ተባለ። እሳቸው ጥቁር ለበሱ። ሐዘኑ ሲከርም ዳሊላን በእጃቸው ይዘው፣ ባል ለሞተባት ሴት የሚደረግ ነገር ካለ ለመጠየቅ አንድ የመንግሥት ቢሮ ሄዱ። ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯን አየች፤ ደግማ አየች፤ ከዚያም ለልጅቷ፣ «ለአክስትሽ ንገሪያት፤ ባሏ አልሞተም። ባለፈው ወር አድራሻ ቀይሯል፤ ኮርፐስ ክሪስቲ ነው የሚኖረው» አለቻት። ዳሊላ እየተንተባተበች ተረጎመች። እትዬ ኤርሚኒያ ተነሡ፤ ጫማ ሱቅ ገቡ፤ ለራሳቸው ቀይ ጫማ ገዙ፤ ለልጅቷም በሽሮፕ የራሰ በረዶ ገዙላት። መንገድ ላይ፣ «ባሕር ነው የወሰደው» አሏት። «አዎ፣ እትዬ» አለች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለኢሲድሮ ነፍስ ቅዳሴ ይደረጋል፤ በሙታን ቀንም ፎቶው ፊት ቢራና ሲጋራ ይቀመጥለታል። ኢሲድሮ በሕይወት እያለ እንደዚያ ተከብሮ አያውቅም።

ታዲያ ዘንድሮ የኮሌጁ የድርሰት መምህር፣ ለመጻፍ የምትፈሩትን ነገር ጻፉ ብሎ አዘዘ። ሌሎቹ ተማሪዎች የሚፈሩት ነገር ጠፍቷቸው ሲጨነቁ ዳሊላ ጎተራ ሙሉ ነበራት። ከዚያ ጎተራ ትልቁን መርጣ ጻፈችው። በእርግጥ ሸፋፍናዋለች። ሽሪምፑን ብርቱካን አደረገችው፤ ኢሲድሮን ሌአንድሮ አለችው፤ በአክስቷ ግራ አገጭ ላይ ያለውን ጥቁር ነጥብ ወደ ቀኝ አዛወረችው። የተማሪዎቹ መጽሔት ሊያትመው ሲጠይቃት አንድ ሌሊት ሙሉ ተንቀጥቅጣ በነጋታው እሺ አለች። የኮሌጅ መጽሔት የሚያነቡት የጻፉበት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም የየራሳቸውን ገጽ ብቻ። እትዬ ኤርሚኒያ ዘንድ በምን ይደርሳል?

እናት የምትባል ፍጥረት መኖሯን ረስታ ነበር።

ከገና በፊት ባለው ቅዳሜ የቤተሰቡ ሴቶች በእትዬ ኤርሚኒያ ማእድ ቤት ተሰብስበው ታማሌ ይሠራሉ። የበቆሎው ሊጥ በስብ ይታሻል፤ በውሃ በራሰ የበቆሎ ሽፋን ላይ ይቀባል፤ በበርበሬ የተሠራ ሥጋ መሐሉ ገብቶ ይጠቀለላል፤ ከዚያ ጥጃ ሊታጠብበት በሚችል ድስት ውስጥ ቆሞ በእንፋሎት ይበስላል። ብዛቱ ቴክሳስን አጥግቦ ለሉዊዚያና የሚተርፍ ነው። ታማሌ ግን ኩርፊያ አይወድም። የተቆጣ ወይም ቂም የያዘ ሰው እጁን ካገባበት፣ እሳቱ ቀኑን ሙሉ ቢነድ ሊጡ ጥሬ ሆኖ ይቀራል። ይህን የማያውቅ ሸለቆው ውስጥ የለም። ስለዚህ እትዬ ኤርሚኒያ በሩ ላይ ቆመው እንደ ጉምሩክ ይፈትሻሉ።

«ኩርፊያ የያዘ እዚሁ ደጅ ያራግፍ» አሉ እንደ ልማዳቸው።

ዳሊላ ሰላም መሆኗን ነግራቸው ገባች። ሽፋን በማጠብ ላይ ተመደበች። በዕድሜ የሁሉም ታላቅ የሆኑት ጎረቤታቸው ዶኛ ናቻ ሥጋውን ያካፍላሉ። የእትዬ ኤርሚኒያ ክርስትና ልጅ ብሪሴይዳ፣ ባንክ የምትሠራዋ፣ ጥፍሯ እንዳይሰበር በሁለት ጣት ብቻ እየጠቀለለች ማስቲካዋን ታላምጣለች። እትዬ ኤርሚኒያ ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጠው ሊጥ ይቀባሉ፤ የእሳቸው ቅብ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውፍረት አለው፤ ማሽን ቢያየው ያፍራል።

ሶኮሮ ዘግይታ መጣች። ሎተሪ የወጣለት ሰው ፊት ይዛ፣ ሁለት እጇ የፕላስቲክ ከረጢት ይጎትታል።

«እንዴት በነፃ ይሰጣሉ?» አለች ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ እያራገፈች። «የኮሌጁን ዘበኛ በምልክት ጠየቅሁት፤ ውሰጂ አለኝ። መደርደሪያውን አራግፌ መጣሁ።»

መጽሔቱ ነበር። ክምር። ያ መጽሔት ከተመሠረተ ጀምሮ በአንድ ቀን ይህን ያህል ተሰራጭቶ አያውቅም።

ዳሊላ የያዘችው ሽፋን ከእጇ ወደቀ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ለእንደዚህ ያለ ቀን ነው። ሴቶቹ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ስሟን በታተመ ፊደል አዩ፤ ዳሰሱት፤ ዶኛ ናቻ አሸተቱት። ሶኮሮ ጎረቤትም እንዲያየው ገጹን ወደ መስኮቱ አዙራ ያዘችው። እትዬ ኤርሚኒያም እጃቸውን ታጥበው፣ አድርቀው፣ መጽሔቱን ተቀብለው ስሟ ላይ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ፊታቸው በራ። ያ ብርሃን ዳሊላን ከቁጣ ይልቅ አስፈራት።

«አንብቡልን እንጂ» አሉ። «ሥራ ላይ ወሬ ጥሩ ነው። ብሪሴይዳ፣ ነይ።»

ብሪሴይዳ እንግሊዝኛ ታውቃለች። እጇን ዘረጋች። ያን ጊዜ ዳሊላ በሕይወቷ ያላደረገችውን አደረገች፤ ማንም ሳይጠራት ተነሥታ መጽሔቱን ነጠቀች።

«እኔ ላንብብ» አለች። «እየተረጎምኩ። የደራሲ ወግ እንደዚያ ነው።»

ከዚያም ገጹን ገለጠች፤ ዓይኗ ሌአንድሮ የሚለው ስም ላይ ተተክሎ፣ ከአፏ ግን ፍየል ወጣች። ከየት እንደመጣች እሷም አታውቅም። አንዲት ብቸኛ ሴት ነጭ ፍየል ነበረቻት፤ ፍየሏ በብርቱካን እርሻው እየዞረች የገበሬውን ባርኔጣ በላች፤ ቀጥሎ የጳጳሱን ቆብ በላች፤ ሸሪፉ ሊያስራት መጥቶ ኮከቡን በላችበት። ሴቶቹ ሳቁ። ፍርሃት እንዲህ ምላስ ያወጣል አይባልም እንጂ ዳሊላ ላይ አውጥቷል። ሲስቁላት አበዛችው፤ ሲደክማት ፍየሏን አሳመመቻት። ልትሞት ስትል፣ የበላችባቸው ሰዎች ሁሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ አለች። ባርኔጣው ከተበላ ምኑን እንደሚያወልቁ የጠየቀ የለም። ዶኛ ናቻ ሥጋው ላይ አነቡ። ሶኮሮ ሳግ ያዛት። ዳሊላ ገጽ መግለጥ ባለባት ቦታ ሁሉ በጥንቃቄ ትገልጣለች።

ብሪሴይዳ ግን ከኋላዋ ቆማ ነበር። ዳሊላ ይህን ያወቀችው የማስቲካው ድምፅ ሲቆም ነው። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ብሪሴይዳ አንድ ቅንድቧን አንሥታ ገጹን አየች፤ ዳሊላን አየች፤ ከዚያ ከጠረጴዛው ራስ ወዳሉት አየች።

እትዬ ኤርሚኒያ ራሳቸውን አላነሡም። ሊጥ እየቀቡ ነበር። ቅቡ ግን እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ የሽፋኑ ጅማት በውስጡ ይታይ ጀመር።

«ፍየሏ ምን ዓይነት ነበረች አልሽ?» ብለው ጠየቁ ሲያልቅ።

«ነጭ፣ እትዬ።»

«በእንግሊዝኛውም ነጭ ናት?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እህ» አሉ። የእትዬ ኤርሚኒያ «እህ» መብረቅ ከመጣሉ በፊት ያለችው ዝምታ ናት፤ የሚያውቅ ያውቃታል።

ድስቱ ጓሮው ውስጥ ባለው ትልቅ የጋዝ ምድጃ ላይ ተጣደ። ከሥሩ ውሃው ውስጥ ሳንቲም አለች፤ ውሃው እስካላለቀ ድረስ ትንቀጫቀጫለች። ዳሊላ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሳንቲሟን ድምፅ ከልቧ ድምፅ መለየት አቃታት። ብሪሴይዳ በአጠገቧ ስታልፍ ልትለምናት አስባ ነበር፤ ነገር ግን ብሪሴይዳን ምስጢር ጠብቂ ብሎ መለመን ለሬዲዮ ጣቢያ ማይክሮፎን ማቀበል ነው።

ሰዓቱ ደረሰ። አንድ ታማሌ ወጥቶ ተፈታ። ሊጡ እንደ ሙጫ ሽፋኑ ላይ ተጣበቀ። ጥሬ። እሳቱ ተጨመረ፤ ሴቶቹ ጠበቁ፤ ሌላ ወጣ፤ እሱም ጥሬ። ከሰሜን የሚመጣው ቀዝቃዛ ነፋስ የዘንባባውን ቅጠል ያንኳኳ ጀመር። እትዬ ኤርሚኒያ የበቆሎ ሽፋን እንደ ጥብጣብ ቀደው በድስቱ ሁለት ጆሮዎች ላይ አሰሩ፤ ለቀላል ኩርፊያ ይህ ይበቃል። አልበቃም። ሦስተኛውም ጥሬ ወጣ።

«በመካከላችን የተቆጣ ሰው አለ» አሉ እትዬ ኤርሚኒያ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። «ሳይናዘዝ ከዚህ ግቢ የሚወጣ የለም።»

ችሎቱ ተጀመረ። መጀመሪያ ሶኮሮ ተናዘዘች፤ ዶኛ ናቻ አዲሱን የፀጉር አሠራሯን በግ ይመስላል ስላሏት ከመስከረም ጀምራ ቂም ይዛባቸው ኖሯል። ዶኛ ናቻ ይቅርታ ጠይቀው፣ በግ ያልኩት የሚያምረውን በግ ነው አሉ። ቀጥሎ እሳቸው ራሳቸው በባላቸው እንደተናደዱ ተናገሩ። ባላቸው ከሞተ ስንት ዘመን ሆነው ቢባሉ፣ «እሱ ነው የሚያናድደኝ፤ ሳያስፈቅደኝ ነው የሞተው» አሉ። ተፈቀደላቸው። ድስቱ ተከፈተ፤ ጥሬ።

ተራው የብሪሴይዳ ሆነ። ማስቲካዋን አወጣች።

«እኔ እንኳ አልተናደድኩም» አለች ዳሊላን እያየች። «ግራ ነው የገባኝ። ስለ ፍየሏ የማይገባኝ ነገር አለ።»

ዳሊላ ከግቢው መውጫው ሦስት እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያስተዋለችው፤ አንደኛው መንገድ በበሩ ሆኖ እትዬ ኤርሚኒያ ቆመውበታል፤ ሁለተኛው በአጥሩ ሆኖ የጎረቤት ውሻ አለበት፤ ሦስተኛው ድስቱ ውስጥ ነው። በቅርበቱ ድስቱን ታስብ ነበር።

«በቃ» አሉ እትዬ ኤርሚኒያ። «አትድከሙ። የተቆጣሁት እኔ ነኝ።»

በዚያ ግቢ ውስጥ እንደዚህ ያለ ቃል ተሰምቶ አያውቅም። ዶኛ ናቻ አማተቡ። እትዬ ኤርሚኒያ ሴቶቹን ሁሉ ወደ ቤት አስገቡ፤ በሩን በእጃቸው ዘጉ።

«ዳሊላ ትቅር። መጽሔቱንም ታምጣ።»

ሁለቱ ብቻ ድስቱ አጠገብ ቀሩ። እንፋሎቱ በመካከላቸው ይወጣል።

«አሁን የተጻፈውን ንገሪኝ» አሉ።

«ነገርኩዎት እኮ፣ እትዬ።»

«ስሚ። ሐኪሙ ስለ ስኳሬ ያለውን ስትነግሪኝ ተንተባትበሻል። የትምህርት ቤቱን ሰውዬ ስትተረጉሚልኝ ተንተባትበሻል። እውነት ከአፍሽ በገዛ እግሯ ወጥታ አታውቅም፤ እየተጎተተች ነው። ዛሬ እንደ ወንዝ ፈሰስሽ። ያቺ ፍየል በጣም አማረች። ይህን ያህል አሳምረሽ የዋሸሽኝ ስለ እኔ ቢሆን ነው።»

ዳሊላ ሌላ ፍየል ልትፈልግ ሞከረች። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ሞክራለች። በግ እንኳ ቢመጣ አትጠላም ነበር። ነገር ግን ፍርሃቷ ያላትን መንጋ ሁሉ ጨርሶባት ነበር። እውነቱን ከተናገረች ከዛሬ ጀምሮ ከምሰሶው ያነሰች ልትሆን ነው፤ እዚያው ግቢ እየኖረች፣ ጧት «እንደምን አደሩ» እያለች፣ እስክትሞት ድረስ የማትደመጥ ነፋስ። ገጹን ገለጠች። አፏን ስትከፍት የመጣላት መንተባተብ ብቻ ነበር፤ መንተባተቡ ሲመጣ ደግሞ እውነቱ ተከትሎት ወጣ።

ሁሉንም ተረጎመች። ብርቱካን ጫኙን ሌአንድሮን። ቢሮውን። ጸሐፊዋ ኮምፒውተሩን ሁለት ጊዜ ማየቷን። ልጅቷ «አልሞተም» የሚለውን ቃል በምን ድምፅ እንደምትናገር አለማወቋን፤ ደስ የሚል ዜና ይሁን አይሁን ስላልገባት መሐል ላይ መቆሟን። በየዓመቱ ለሕያው ሰው የሚበራውን ሻማ። እትዬ ኤርሚኒያ እንፋሎቱን እያዩ ሰሙ። ዳሊላ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ከነፋሱ አነሰ፤ «ከዚያ ሴትዮዋ መኪናው ውስጥ ገብታ አለቀሰች» ብላ ጨረሰች።

«ምን አደረገች?»

«አለቀሰች፣ እትዬ።»

«እኔ መቼ አለቀስኩ?»

«አላለቀሱም። ጫማ ነው የገዙት።»

«ታዲያ?»

«መምህሬ ... አንባቢው እንባ ይፈልጋል አለኝ።»

«መምህርሽ እዚያ ነበር?»

«አልነበረም።»

«የት ነበር ያን ጊዜ?»

«እንጃ፣ እትዬ። ሚኒሶታ መሰለኝ።»

እትዬ ኤርሚኒያ ሚኒሶታን በቀጥታ የሚያዩ ይመስል ወደ ሰሜን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ወደ ቤቱ ዞሩ። በመስኮቱ ውስጥ ብሪሴይዳ ከክምሩ አንድ መጽሔት ይዛ ቆማለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእትዬ ኤርሚኒያ ጆሮ ግን ያን ቀንም ባለቤቱን አልከዳም። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ወሬው የድንበሩን ድልድይ ተሻግሮ ሜክሲኮ፣ ማታሞሮስ እንደሚደርስ ገባቸው። ሽርጣቸውን አስተካከሉ።

«በብሪሴይዳ አፍማ አይሆንም» አሉ፤ በሩንም ከፈቱት።

ዳሊላ ተከትላ ገባች፤ ግድግዳ ላይ ተለጠፈች። እትዬ ኤርሚኒያ ከጠረጴዛው ራስ ቆሙ።

«ኢሲድሮን ባሕር አልወሰደውም» አሉ። «ኮርፐስ ክሪስቲ ነው የወሰደው። እዚያ ጎማ ይሸጣል።»

ሶኮሮ አፏን በሽርጧ ያዘች። እቅፍ አድርጎ ሊያጽናናቸው የደፈረ የለም፤ እትዬ ኤርሚኒያን ማቀፍ የኤሌክትሪክ ምሰሶ እንደማቀፍ ነው፣ መጀመሪያ መብራቱ መጥፋቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በመጨረሻ ዶኛ ናቻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ታዲያ በሙታን ቀን የምናስቀምጥለትን ቢራ ማን ይጠጣው ነበር?»

«እኔ» አሉ እትዬ ኤርሚኒያ።

ዶኛ ናቻ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይህ ተገቢ መሆኑን የተቀበሉ ይመስላል። ብሪሴይዳ መጽሔቱን ቀስ ብላ ክምሩ ላይ መለሰችው፤ የሚወራ ነገር ባለቤቱ ከቀደመበት በኋላ ዋጋ የለውም።

ከዚያ ወግ ወግ ነው፤ የተቆጣ ሰው ድስቱን እየጨፈረ መዞር አለበት። ሁሉም ወጡ። እትዬ ኤርሚኒያ ሽርጣቸውን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው፣ በዓል የሚያስከብር ጳጳስ በሚሄድበት እርጋታ፣ በድስቱ ዙሪያ ጨፈሩ። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ዳሊላም ልታጨበጭብ እጇን አንሥታ፣ መብት እንዳላት ስላላወቀች አየር ላይ አቆመችው። ፍርዱ ገና አልተነገረም። ድስቱ ቢበስል ምን ይጠቅማታል? ሌላው ሁሉ ሲበላ እሷ የማትታይበት ገና ሊመጣ ነው። መጻፍ ባልጀመርኩ ኖሮ ብላ አሰበች፤ ወዲያው ደግሞ አክስቷ ቀኝ እግራቸውን እንዴት እንደሚያነሡ በቃል ስታስቀምጥ ራሷን ያዘችው፤ ይህም አስፈራት።

ክዳኑ ተከፈተ። ሽፋኑ ከሊጡ ላይ ንጹሕ ሆኖ ተላጠ። በስሏል።

ማእድ ቀረበ። ሁሉም ሲቀመጡ እትዬ ኤርሚኒያ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ምስጢር ለማውጣቷ እስከ ሦስቱ ነገሥታት ቀን አላናግራትም» አሉ ለሁሉም። «ለእንባው እስከ ካንደላሪያ።»

ሶኮሮ በሁለት እጇ ጉንጯን ያዘች። የሦስቱ ነገሥታት ቀን ከገና ቀጥሎ ነው፤ ካንደላሪያ ደግሞ ከእሱ ትንሽ ራቅ ብላ፣ ታማሌው ዳግም የሚሠራባት ቀን ናት። ማለቂያ ያለው ፍርድ! በእትዬ ኤርሚኒያ ችሎት እንዲህ ያለ ምሕረት ታይቶ አይታወቅም፤ ወንድማቸው ቢሰማ እንደሚያለቅስ ሁሉም አሰቡ።

«እትዬ፣ አመሰግናለሁ» አለች ዳሊላ፤ ድምፅዋ አልወጣም ማለት ይቻላል።

እትዬ ኤርሚኒያ ወደ ሶኮሮ ዞሩ። «አንድ ነገር ሰማሽ?»

«ዳሊላ ናት፣ እትዬ። አመሰግናለሁ ነው የምትለው።»

«ሰሃን ታምጣ በያት።»

«ሰሃን አምጪ ይሉሻል» አለች ሶኮሮ፤ ልጇ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጣ ሳለ። የእናትየው ድምፅ የቢሮ ሰው ድምፅ ሆኖ ነበር፤ በዚህ ዕድሜዋ ተርጓሚ መሆኗ ሳያኮራት አልቀረም።

«እንዳንቺ ያለ ፈሪ፣ እንዳንቺ ያለ ደፋር አይቼ አላውቅም በያት። መድኃኒት የሌላት ልጅ ናት በያት።»

ሶኮሮ እህቷን አየች፤ ልጇን አየች፤ ትንሽ አሰበች።

«ብዙ ብዪ ይላሉ» አለች።

ዳሊላ ሰሃኗን ዘረጋች። ሰሃኑ በእጇ ላይ ይንቀጠቀጥ ስለነበር እትዬ ኤርሚኒያ፣ ወደ እሷ ሳያዩ፣ በአንድ እጃቸው ጠርዙን ይዘው አጸኑት፤ በሌላው ታማሌውን አስቀመጡ።